መብረቅ የሌለው በትር

ሶስት ጥራዝ የፋንታሲ ልብ ወለድ ጽፌ ጨርሻለሁ። አሁን ሶስቱንም ከመጀመሪያው ገጽ አንስቼ እንደገና እየጻፍኩ ነው። ቀን ቀን አዲስ አበባ ውስጥ ሶፍትዌር እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ የፈጠርኩትን ዓለም ግድግዳ እያንኳኳሁ፣ የትኛው ምሰሶ ቤቱን እንደተሸከመ እፈትሻለሁ። ጓደኞቼ «አዲስ ነገር አትጽፊም እንዴ? ያለቀ ነገር ምን ያነካካሻል?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ መጠየቅ ያለበት ነገር ነው። መልሱን ለራሴም ለእናንተም በወጉ ላስቀምጠው።

ያደግኩት አሰላ ነው። ብዙ ሰው አርሲን የሚያውቀው በሯጮቹ ነው፤ ኃይሌ ከአሰላ አካባቢ፣ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ከበቆጂ። እኔ ግን አርሲ ሲባል ቀድሞ የሚመጣብኝ ጉሙ ነው። ክረምት ሲገባ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጭላሎ፣ ያ ሁሉ ተራራ፣ እልም ይላል። ጠዋት ከቤት ስትወጡ እስከ ገብሱ ማሳ ጫፍ ድረስ ይታያችኋል፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። ልጅ ሆኜ ተራራው ክረምቱን የት እንደሚከርም በጣም ያሳስበኝ ነበር። «የጉም ደጃፍ» ያልኩት ተከታታይ ልብ ወለድ ከዚያ ጥያቄ ተወለደ። ከጉሙ ወዲያ ሌላ አገር አለ። ኢፍቱ የምትባል ልጅ የሟች እናቷን በትር ይዛ ወደዚያ ትሻገራለች። ከበትሩ መብረቅ ይወጣል። የጉሙ ንጉሥ ሠራዊት ይበተናል። ምን ልበላችሁ፣ መብረቁ ብዙ ነበር።

ኢንጂነሪንግ ተማሪ እያለሁ፣ ዶርም ውስጥ፣ መብራት ሲኖር በላፕቶፕ ሲጠፋ በስልክ እየጻፍኩ ምዕራፍ በምዕራፍ ቴሌግራም ላይ እለቅ ነበር። ድፍረቱን ያገኘሁት ሃይስኩል ሳለሁ ሽፋኑ ከተገነጠለ ቅጂ ካነበብኩት «ዴርቶጋዳ» ነው። ይስማዕከ ወርቁ በዚያ መጽሐፍና በተከታዮቹ፣ በ«ራማቶሓራ» እና በ«ዣንቶዣራ»፣ ገዳምና ሳይንስን በአንድ ታሪክ ውስጥ ሲያገናኛቸው «አማርኛም ይሄን ይችላል ለካ!» ብዬ ነበር። ነገሩ ከዚያም በፊት የነበረ ነው፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መንፈሳዊውን ጉዞ በምሳሌያዊ ታሪክ ያቀረቡበትን «ወዳጄ ልቤ»ን ያሳተሙት በ1915 ዓ.ም. ነው። በምናብ ስለ ነፍስ መጻፍ በአማርኛ መቶ ዓመት አልፎታል።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? ሶስተኛው ጥራዝ ተፈጠረ።

በመጨረሻው ጦርነት ሁለት ሠራዊት ፊት ለፊት ቆሟል። ኢፍቱ መሃል ገብታ በትሯን ታነሳለች። እንደ ልማዴ መብረቁን ልጽፍ ስል እጄ ሌላ ነገር ጻፈ። ከበትሩ ምንም አልወጣም። ልጅቷ ዝም ብላ ቆመች። ሁለቱም ወገን ጦሩን አወረደ። በስድስት ዓመት ከጻፍኩት ሁሉ የምወደው ገጽ ይሄ ነው። አንባቢዎቼ ግን በማግስቱ ጠየቁ፦ «መብረቁ የት ሄደ? ይሄን ማድረግ ከቻለች ሁለት ጥራዝ ሙሉ ያን ሁሉ ሰው ለምን አቃጠለች?» ሶስተኛው መጽሐፍ አንደኛውና ሁለተኛው የማያውቁትን ነገር አውቆ መጣ ማለት ነው።

በትሩ ከየት እንደመጣ አርሲ ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ሲንቄ ነው። አርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት፣ ቀጭን፣ ለስላሳ በትር። መሣሪያ አይደለም፤ አይመቱበትም። ሁለት ወገን ሲጣላ ሴቶች ሲንቄ ይዘው መሃል ከቆሙ ጠቡ መቆም አለበት። ባል ሚስቱን ከበደለ የሲንቄ ጩኸት ይሰማል፤ የጎረቤት ሴቶች የያዙትን ጥለው፣ በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በደለኛው በሽማግሌ ፊት ጥፋቱን አምኖ እስኪክስ ድረስ ነገሩ አያበቃም። ጉዳዩ ከከፋ ደግሞ ሴቶቹ ቤቱንም መንደሩንም ትተው በአንድነት ይሄዳሉ፤ እርቅ እስኪወርድ አይመለሱም። ዝናብ ሲጠፋም ሲንቄ ይዘው ወደ ፈጣሪ ይለምናሉ። ኩዌ ኩምሳ የተባሉት ምሁር በ1997 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ሥርዓት የጻፉትን ጽሑፍ ያነበብኩት ከተመረቅኩ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የማውቀው ከአኮ ነበር።

አኮ የእናቴ እናት ናት። እኔ በአማርኛ የጻፍኩትን በተሰባበረ ኦሮምኛዬ አነብላት ነበር፤ እሷ ቡና እያፈላች ትሰማለች። ሰሚ ብቻ ግን አልነበረችም። ኢፍቱ ጉዞ ስትጀምር «ስንቋስ?» ብላ አቆመችኝ። ጩኮ ያዘች፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ፣ መንገድ የማይጎዳው። ፈረሱ ስም እንዲኖረው ያስደረገችው እሷ ናት። መብረቁ ጋ ስደርስ ደግሞ ሳቀች። «ይሁን፤ ልጆች መብረቅ ይወዳሉ» አለች። ሶስተኛው ጥራዝ ከማለቁ በፊት አረፈች። በትሩ ዝም ያለበትን ገጽ አልሰማችውም።

ስለዚህ እንደገና መጻፍ ለእኔ የዓረፍተ ነገር ማሳመር ብቻ አይደለም። የአኮ ድምፅ ያለው በመጀመሪያው ቅጂ ውስጥ ነው። ያንን ቅጂ መንካት የምፈራውም፣ የምፈልገውም በእሷ ምክንያት ነው።

በሙያዬ እንደገና መጻፍ ክፉ ስም አለው። ጆኤል ስፖልስኪ የተባለ ፕሮግራመር በ2000 እ.ኤ.አ. በጻፈው የታወቀ ጽሑፍ ኔትስኬፕን ምሳሌ አድርጎ አስጠንቅቋል፤ ድርጅቱ የብራውዘሩን ኮድ ጥሎ ከዜሮ ሲጀምር ዓመታት አለፉ፣ ከ4ኛው ቨርዥን በኋላ ገበያ ላይ የወጣው 6ኛው ነበር፣ በመሃል ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሜዳውን ወሰደው። አሮጌ ኮድ አስቀያሚ የሚመስለው እያንዳንዱ ጠማማ መስመር አንድ እውነተኛ ችግር የፈታ ስለሆነ ነው። ጩኮው እንደዚያ ነው። ብትቆርጡት ታሪኩ አይፈርስም፤ ግን አንድ ሰው አስቦበት የገባ ነገር ይጠፋል።

ሌላው መንገድ ሪፋክተሪንግ ነው። ማርቲን ፋውለር በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ከውጭ የሚታየውን ባሕርይ ሳትለውጥ ውስጡን አስተካክል። ለዚህ ቴስት ያስፈልጋል። እኔም ለልብ ወለዴ ቴስት ጻፍኩ፤ ሃያ ሶስት ዓረፍተ ነገር። «አንባቢው ፈረሱ ሲሞት ማዘን አለበት።» «የጉሙ ንጉሥ ቢያንስ አንዴ ልክ መሆን አለበት።» «አኮ ያስገባችው ነገር አይወጣም።» አንድ ምዕራፍ ስጨርስ ዝርዝሩን አሳልፈዋለሁ። ያልተሳካ ካለ ጊት ላይ ወደ አሮጌው መመለስ ነው።

ከእኔ በፊት በዚህ መንገድ ያለፉትንም አየሁ። ስቲቨን ኪንግ የ«ዳርክ ታወር»ን የመጀመሪያ ጥራዝ በ1982 እ.ኤ.አ. አሳትሞ፣ ተከታታዩን ሊዘጋ ሲል በ2003 ከመጨረሻዎቹ ጥራዞች ጋር እንዲገጥም አድርጎ ከለሰው። ኧርሱላ ለጉዊን ደግሞ አሮጌዎቹን የ«ኧርዝሲ» መጻሕፍት ባሉበት ትታ፣ ሶስተኛው ከወጣ ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1990፣ አራተኛውን አመጣች። ጠንቋዮቹ ወንዶች ወደ ዳር ሄዱና አንዲት መበለት መሃል ቆመች። ዓለሙ ያው ነው፤ የምናየው ከጓዳ በኩል ሆነ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ቶልኪን ነው። በ1937 በታተመው «ሆቢት» ጎለም እንቆቅልሹን ቢሸነፍ ቀለበቱን በፈቃዱ ሊሰጥ ዝግጁ ነበር። «የቀለበቶቹ ጌታ» ሲጻፍ ያ ቀለበት ማንም በፈቃዱ የማይለቀው ክፉ ነገር ሆነ። ስለዚህ በ1951 እትም ምዕራፉ ተቀየረ። አሮጌው ታሪክስ? አልጣለውም። ቢልቦ ለጓደኞቹ ያወራው ውሸት ነው አለና በታሪኩ ውስጥ አኖረው! ይሄው ሰው በ1953 ለአንድ ቄስ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ሥራው ሃይማኖታዊ እንደሆነ፣ መጀመሪያ ሳያስበው፣ ሲከልሰው ግን አውቆ እንዳደረገው ገልጿል። እምነቱ በክለሳ ጊዜ ነው ወደ ላይ የወጣው።

እኔ ዘንድ ይሄ ነገር ከበድ ይላል፤ የማን እምነት? የአባቴ ወገን ኦርቶዶክስ ነው፣ አኮ ሙስሊም ነበረች፣ ሲንቄዋም ግድግዳዋ ላይ ነበር። አጎቴ መጽሐፉን ሲሰሙ «ይሄ ነገር ከሃይማኖታችን ጋር አይሄድም፣ ብትተዪው ይሻላል» አሉኝ። አንዲት ጓደኛዬ በሌላ በኩል «ባዕድ አምልኮ እያስተዋወቅሽ ነው» ብላ ቴሌግራም ቻናሉን ለቃ ወጣች። ሦስተኛ አንባቢ ደግሞ ተቃራኒውን ጻፈችልኝ፦ «የእናቴን በትር መጫወቻ አታድርጊው።» ሶስቱም ሰዎች የሚከላከሉት ነገር እውነተኛ ነው። ሶስቱንም ማስደሰት አልችልም፤ ሶስቱንም መስማት ግን እችላለሁ።

መውጫ ያገኘሁት ከሁለት ቃላት ነው። አንደኛው አርሲዎች ወዩ የሚሉት ነው። ወዩ የሆነ ነገር የተከበረ፣ የተቀደሰ፣ እንደዘበት የማይነካ ነው። ሲንቄ ወዩ ነው፤ አማት ወዩ ናት። የበትሩ ኃይል እንጨቱ ውስጥ ሳይሆን ሁለቱም ወገን ወዩነቱን በማወቁ ላይ ነው። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይሄ ፕሮቶኮል ነው፤ ሁለት ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩት ሁለቱም አንድ ሕግ ስላከበሩ ነው እንጂ ሽቦው ተአምር ስላለው አይደለም። እናም በአዲሱ ቅጂ አስማቱ ሁሉ እንዲህ ሆነ፤ የሚሠራው ሰው ሲያከብረው ብቻ ነው። ለራሴም ሕግ አወጣሁ፤ እውነተኛውን ጸሎትና ሥርዓት ቃል በቃል ገጸ ባሕርያቴ አፍ ውስጥ አልከትም። የምፈጥረውን እፈጥራለሁ፣ የሰዎቹን ለሰዎቹ እተዋለሁ።

ሁለተኛው ቃል የመጣው ከአባቴ በኩል ነው። ልጅነቱን ቄስ ትምህርት ቤት ያሳለፈ ሰው ነው። የአንድምታ ትርጓሜ መምህራን አንድ ቃል ከተረጎሙ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላ ትርጓሜ ይጨምራሉ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽረውም። ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ተማሪው ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። ጓደኞቼ «የትኛው ነው ትክክለኛው?» ሲሉኝ የምመልሰው ይሄንኑ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መብረቅ ይፈልግ ነበር፤ ለዚያች ልጅና ለአንባቢዎቿ ትክክል ነበር። አሁን የምጽፈው «አንድም» ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቅጂ ቻናሉ ላይ አንድ ፊደል ሳይነካ ይቆያል። በአዲሱ ቅጂ ደግሞ መብረቁ አልጠፋም። ወታደሮቹ ወደየቤታቸው ተመልሰው «ለምን ሸሻችሁ?» ሲባሉ ምን ይበሉ? ቀጭን በትር የያዘች ልጅ ስለቆመች ነው ይበሉ? ገበያ ላይ ቁጭ ብለው መብረቅ ወረደብን ይላሉ። ሰማዩ ተሰነጠቀ ይላሉ። ወሬው ከተራራ ተራራ ይዞራል፤ ልጆችም ይወዱታል። በዳር የተቀመጠች አንዲት አሮጊት ብቻ ቡናዋን እየቀዳች ትስቃለች። እሷን ለመጻፍ ብዙ አልተቸገርኩም።

አሁን ሁለተኛው ጥራዝ ላይ ነኝ። ድሮ በዚህ ቦታ ትልቅ ጦርነት ነበር፤ አሁን ሴቶቹ በትራቸውን ይዘው መንደሩን ለቀው ወጥተዋል። ምድጃው ጠፍቷል፣ ላሞቹ አልታለቡም፣ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ማን ይቅርታ ይጠይቅ እያሉ ይከራከራሉ። ሶስት ቀን ሆኗቸዋል። እኔም እስኪወስኑ እየጠበቅኩ ነው።