የጊታር መምህርና የትዝታ ቅኝት

ልደታ ማርያምን በመሰሉ የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ጊታር የሚያስተምር ሰው ሙያውን ያገኘበት መንገድ አንድ አይደለም። አንዱ በደርግ ዘመን ቀበሌ ኪነት ውስጥ ሆኖ፣ የሮሃ ባንዱን ጊታሪስት የሰላም ሥዩምን አጨዋወት በካሴት እየመላለሰ በመስማት ጆሮውን የሳለ ነው፤ ሌላው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ኖታ የተማረ። ሁለቱም ያለው መምህር ይመረጣል፤ ከሁለት አንዱ ከሆነ ግን ጆሮ ይቅደም።

ትምህርቱ ክር በመቃኘት ይጀምራል። ከዚያ ብዙዎች ወደ ኮርድ ይሮጣሉ። ጥሩ መምህር ግን የትዝታን ቅኝት ያስቀድማል፤ ተማሪው ከልጅነቱ ስለሚያውቀው ሲሳሳት ራሱ ይሰማዋል። ዶ 5ኛው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ነው፤ ሬ 4ኛው ክር ሳይያዝ፣ ሚ እዚያው ክር 2ኛ ፍሬት፤ ሶል 3ኛው ክር ሳይያዝ፣ ላ እዚያው 2ኛ ፍሬት። ሚና ላ ወደ 1ኛው ፍሬት ሲወርዱ ትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ይለወጣል። ጣት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ስሜቱ እንዲህ ሲለወጥ መስማት ለጀማሪ ትልቅ ደስታ ነው።

ከትዝታ ቀጥሎ ሌሎቹ ቅኝቶች፣ ባቲና አምባሰል፣ ይከተላሉ፤ አንቺሆዬ ለጆሮም ለጣትም ስለሚከብድ መጨረሻ ላይ ቢመጣ ይሻላል። ኮርድ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያኔ ተማሪው ኮርዱ ከዜማው ጋር ሲጋጭ ለይቶ ያውቃል።