ያኔ ተሟጋች፣ ዛሬ ጠበቃ

የደብረ ታቦር ልጅ ሙግት ሲያይ ደሙ ይሞቃል! ቢሞቅስ ምን ይፈረድበታል? ከተማችን ራስ ጉግሳ የቆረቆሯት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የተቀመጡባት ናት። ነገር ያለው ሁሉ ከእስቴ፣ ከጋይንት፣ ከእብናት ስንቁን ቋጥሮ፣ የጉናን ውርጭ ችሎ ወደ እሷ ሲመላለስ ኖሯል። እኛም ጨዋታ ከማወቃችን በፊት ክርክር መስማት የለመድን ልጆች ነበርን።

አያቶቻችን ስለ በላ ልበልሃ ሙግት ሲያወሩ እንቅልፍ ማን ያስታውሳል! ተሟጋቹ ጋቢውን ያደገድጋል፣ ዱላውን ይተክላል፣ አንድ እግሩን ወደ ፊት ይሰድዳል። ፈጣሪን አመስግኖ፣ ዳኛውን አወድሶ፣ ቤት በሚመታ ቃል እያዋዛ ወደ ክሱ ይገባል። ከዚያ ውርርዱ ይመጣል፤ አንዱ «በማር!» ሲል ሌላው «በበቅሎ!» ብሎ ይመልስለታል። መንገድ ላይ የተጋጩ ሰዎችማ አላፊ አግዳሚውን «ዳኝተኸን እለፍ» ብለው ያቆሙት ነበር፤ እሱም መንገዱን ትቶ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ይዳኛል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» የሚል ሕዝብ እንዲህ ቢያደርግ ምን ይገርማል!

የርስት ክርክር ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይግላል። ባለ ርስት ነኝ ባይ የዘር ሐረጉን ከራሱ እስከ አቅኚ አባቱ፣ ስም ሳይዘል እየቆጠረ ይወጣል። አንድ አያት የዘነጋ መሬቱን ሊያጣ ይችላል። ክርክሩ ከአባት ለልጅ ይወረስ ነበር፤ የየካቲት 25 ቀን 1967 አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ በየፍርድ ቤቱ የተከመረውን የገጠር መሬት ሙግትም አብሮ ዘጋው። አያቴ ያን ቀን ሲያነሡ መሬት ላልነበረው ደስ ይላቸውና ወዲያው ደግሞ «ያ ሁሉ አንደበተኛ ምን ሊሠራ ነው?» ብለው ያዝናሉ።

ታዲያ ይህ ተሟጋች የሚወድ ሕዝብ ለነገረ ፈጅ ፊቱን ያጠቁር ነበር። ለራሱ ርስት የሚሟገት ጀግና ነው፤ ለሰው ጉዳይ በገንዘብ የሚቆም ግን «ነገር እንዳያልቅ የሚጸልይ» ይባል ነበር። ተለዋጭ ቀጠሮ በመጣ ቁጥር ጥርጣሬው ይብሳል። ባላገሩ ከተማ ለማደር ስንቅ ይጨርሳል፤ ነገረ ፈጁ ግን ረታም ተረታ ዋጋውን ይቀበላል። ሐሜቱ መነሻ ነበረው።

ከዚያ ዘመኑ ወደ ወረቀት ዞረ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ በ1958 ወጣ፤ በ1956 ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። አንደበተኛው ገበሬ ክሱን በጽሑፍ አምጣ ሲባል ማመልከቻ ጸሐፊው ነገሠ! እኔ በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ስመለስ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጦ የማየው አንድ ጸሐፊ ነበር። በወረቀቶቹ መሐል ካርቦን ያስገባል፣ ጠርዙን ያስተካክላል፣ ብዕሩን ጫን አድርጎ ይጽፋል። ሲጨርስ «ለክቡር ፍርድ ቤቱ» ብሎ ጮክ አድርጎ ያነብለታል። ባለጉዳዩ እየሰማ ወገቡ ይቃናል፤ «እሱን ነው! እሱን ነው ያልኩህ!» ይላል። በደሉ ቃል ሲያገኝ ሰው እንዴት እንደሚቆም ያየሁት ያኔ ነው።

አሁን ደግሞ እዩት! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጠበቃ የማቆም መብት እንዳለው፣ አቅም አጥቶ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነም መንግሥት እንዲያቆምለት ጻፈ። ከጎንደርና ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች የወጡ የገበሬ ልጆች በየችሎቱ ቆሙ። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ካቋቋሙት አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በጥቅምት 2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በዚህ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት! በክልላችንም የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የሰፈረበት የመሬት ይዞታ ደብተር በየቤቱ ገባ።

ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት ደጅ ላይ መዝገብ ያቀፈች ወጣት ጠበቃ ከአንዲት የፋርጣ እናት አጠገብ ቁጢጥ ብላ አይቻለሁ። እናትየዋ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል፤ የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው። «እማማ፣ ድንበሩ ላይ ምን አለ?» አለቻቸው። «ኮሶ ዛፍ፣ ልጄ። አማቴ የተከሉት።» ችሎት ውስጥ ያ የኮሶ ዛፍ በልጅቷ አንደበት ሲነሣ ዳኛው ቀና ብለው ጻፉት። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ እኔም ከኋላ ወንበር አብሬ ሳቅሁ!

ስለዚህ የትናንቱን እየናፈቅሁም ዛሬን እመርጣለሁ። ያኔ ዓይን አፋሩ፣ ተንተባታቢው፣ ሰው ፊት እንድትናገር ያልተፈቀደላት ሴት እውነት ይዘው ይሸነፉ ነበር፤ ፍርድ ወደ አንደበተኛው ያደላል። ዛሬ አንደበት በትምህርት ይገኛል፤ ለሌላውም ይቆማል። ዋጋው የሚከብደው ብዙ ነው፤ ቀጠሮም አሁንም ይረዝማል፤ ይህ መታረም አለበት። እናንተ የሀገሬ ወጣት ጠበቆች ግን ሕጉን ከዩኒቨርሲቲ፣ «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን ብልሃት ከአያቶቻችሁ ይዛችሁ ኑ። አቅም ላጣ በነፃ ቁሙ፣ ነገር አታስረዝሙ፤ ያን ጊዜ ይህ ሙግት ወዳድ ሕዝብ ለተሟጋቹ የሰጠውን ፍቅር ለእናንተም እጥፍ አድርጎ ይሰጣችኋል!