ለልጅ ስለሚገዛ ያገለገለ የጨዋታ ኮምፒዩተር

ለልጁ ዕቃ የሚገዛ አባት ሁለት ዋጋ ይከፍላል። አንደኛው ለሻጩ የሚቈጠረው ብር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዕቃው ከቤት ከገባ በኋላ በልጁ ጊዜና በቤቱ ሰላም የሚከፈለው ነው። የመጀመሪያውን ዋጋ ገበያ ይነግረናል፤ ሁለተኛውን አስቀድሞ መርምሮ ማወቅ ግን የወላጅ ፋንታ ነው። ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቅርቡ በቤታችን የተነሣው የኮምፒዩተር ጉዳይ ነው። ብዙ ወላጆችም በዚሁ አሳብ ተይዘው እንደሚገኙ ስለማውቅ፤ የመረመርሁትንና የወሰንሁትን እንደ መዝገብ ጸሐፊነቴ በተራ በተራው አቀርባለሁ።

የምኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቅ በኩል በገርጂ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ ለጨዋታ የሚሆን ያገለገለ ኮምፒዩተር እንድገዛለት በአክብሮት ለመነኝ፤ ዋጋውም 68,000 ብር መሆኑን ነገረኝ። ይህ ገንዘብ ከስድስት ወር ደመወዜ ይበልጣል። በዚያው ሰሞን የ90,000 ብር ዕቁብ ደርሶን ነበር፤ ባለቤቴ ግን ገንዘቡን ለውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ አስባዋለች። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለ ሆነ፤ ሌሊት እየተነሣች በጀሪካን ስትቀዳ ዓመታት አሳልፋለች። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ልጅ ምኞት መሆኑ ቀርቶ፤ በእናትና በልጅ መካከል ቆሜ የምፈርደው ሙግት ሆነብኝ።

ባለቤቴ የተናገረችው ነገር ሁሉ እውነት ነበር። «ውሃ ሳይኖር ጨዋታ ምንድን ነው? ትምህርቱንስ ማን ይማርለታል?» አለች። ልጁ ደግሞ በበኩሉ ያቀረበው ማስረጃ በቀላሉ የሚጣል አልነበረም። «አባዬ፤ እኔ እንደ ሆነ ዛሬም እጫወታለሁ፤ የምጫወተው ግን ከሰው ቤት ነው» አለኝ። በእውነቱም ከገርጂ እስከ መገናኛ ባሉት መንደሮች የፕሌይስቴሽን ቤቶች በየጥጉ ተከፍተዋል፤ ልጆችም በጨዋታ ልክ እየከፈሉ በጠባብ ክፍል ተጨናንቀው ያመሻሉ። እዚያ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፤ ምን እንደሚሰማ፤ ምን ያህልስ እንደሚያወጣ አላውቅም። መከልከልን ብቻ ብመርጥ ጨዋታውን ከዓይኔ አርቀው እንደ ሆነ እንጂ አላስቀረውም።

ጨዋታ ሁሉ የሥራ ፈት ነገር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ዳሩ ግን የአገራችን ታላላቅ ሰዎች ጨዋታን አልናቁም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 እ.ኤ.አ. ወደ ትግራይ በመጣ ጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ በመኳንንቶቻቸው መካከል ሆነው ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ጽፎአል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩና ትላልቅ እንደ ነበሩ፤ በዙሪያው የነበሩትም ሁሉ አሽከሮች ሳይቀሩ እየጮኹ አሳባቸውን ይሰጡ እንደ ነበር ይነግረናል። የአገራችን ሰንጠረዥ ደግሞ ከሌላው ዓለም የሚለይበት ነገር አለው፤ ይኸውም «ወረራ» በሚባለው በመጀመሪያው ክፍል ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፤ አንድ ጠጠር እስኪገደል ድረስ፤ እንደ ፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ።

ይህን ለልጄ ብነግረው እየሳቀ «እኔም የምጫወተው ይህንኑ ነው» አለኝ። «ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ» በሚባለው የጦር ስልት ጨዋታ ተራ መጠበቅ የለም፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በተጨመረለት ክፍልም ኢትዮጵያውያን ሾተል ይዘው ይዋጋሉ። «ሲቪላይዜሽን 6» በሚባለውም ጨዋታ በ2020 እ.ኤ.አ. አፄ ምኒልክ የኢትዮጵያ መሪ ሆነው ገብተዋል። እነዚህን ስሰማ ልቤ ጥቂት ለዘበ። ከራስ ወልደ ሥላሴ አዳራሽ የተማርሁት ዋና ነገር ግን ሌላ ነው፤ ያ ጨዋታ በሰው ሁሉ ፊት ይደረግ ነበር። ተጫዋቹ ቢቈጣም፤ ቢሳሳትም፤ ከልክ ቢያልፍም የሚያየውና የሚናገረው ሰው አጠገቡ ነበር።

በር ተዘግቶ የሚደረገው ጨዋታ ግን ሌላ መልክ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ የጨዋታ ሱስን እንደ ሕመም ቈጥሮታል። ምልክቱም ሦስት ነው፤ ሰውየው ጨዋታውን መቈጣጠር ሲያቅተው፤ ከሌላ ሥራው ሁሉ ሲያስቀድመው፤ ጉዳት እየደረሰበትም ሲቀጥል፤ ይህም ሁሉ እንደ ደንቡ አንድ ዓመት ያህል ሲቈይ ነው። የቻይና መንግሥት ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በኢንተርኔት የሚጫወቱበትን ጊዜ ዓርብ፤ ቅዳሜ፤ እሑድና በሕዝብ በዓላት ማታ አንድ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲሆን ወሰነ። መንግሥት እንዲህ ያለ ሕግ ባላወጣበት አገር የቤቱን ሕግ የሚያወጣው ወላጅ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ገበያው ወጣን። አዲስ ኮምፒዩተር ለእኛ የሚታሰብ አልነበረም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ነበር፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃም ዋጋው በዚያው ልክ ወጣ። ስለዚህ ያገለገለውን መፈለግ ግድ ሆነ።

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን አይተው፤ ሰኮናዋን አንሥተው፤ ዳገት አስወጥተው ነበር፤ ሻጩ ኮርቻዋን ቢያሳምርም በኮርቻው አይታለሉም። ያገለገለ ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው፤ ቀይና አረንጓዴ የሚያበራው ሣጥን ኮርቻ ነው። በመገናኛ ያገኘነው የመጀመሪያው ሻጭ 68,000 ብር የጠየቀበትን ዕቃ ባበራው ጊዜ ልጄ በደስታ ዓይኑን መንቀል አቃተው። እኔ ግን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁት እንግሊዝኛ ስለ ጠቀመኝ፤ የየክፍሉን ስም በወረቀት ጽፌ አንድ በአንድ ጠየቅሁ።

የጨዋታ ኮምፒዩተር ዋናው አካል ግራፊክስ ካርድ የሚባለው ሥዕሉን የሚያወጣ ክፍል ነው። የዚህኛው ካርድ «ጂቲኤክስ 1070» ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ፤ 150 ዋት የሚበላ ነው። እንዲህ ያሉ ካርዶች ኢቴሪየም የሚባለውን የዲጂታል ገንዘብ ለማውጣት ቀንና ሌሊት ሲሠሩ ኖረው፤ አሠራሩ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. በተለወጠ ጊዜ በዓለም ገበያ ላይ በብዛት ተጥለዋል። የትኛው ካርድ እንዲህ እንደ ደከመ በመልኩ አይታወቅም፤ በሥራ ግን ይፈተናል። ከባድ ጨዋታ ከፍተን ግማሽ ሰዓት እናቆየው አልሁት፤ ሻጩ አምስት ደቂቃ ይበቃል ብሎ ተከራከረ። በዚያች አምስት ደቂቃም ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ጮኸ፤ ሙቀቱም 88 ዲግሪ ደረሰ። ካርድ እንዲህ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳልና የተከፈለበትን ሥራ አይሠራም።

ሁለተኛው ጉድለት ፕሮሰሰሩ ላይ ነበር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሞአል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጠቅላላው 8ኛውን ትውልድና ከዚያ በኋላ የወጡትን ይጠይቃል። የቀረበልን 6ኛው ትውልድ ነበር። ልጄ ፊቱ ጠቈረ፤ ዛሬውኑ ካልገዛን ሌላ ሰው ይወስደዋል ብሎ ፈራ። «ልጄ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አልሁትና ይዤው ወጣሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ከፍ ያለ መልክ የሌለው፤ ግን ጤነኛ የሆነ ዕቃ አገኘን። ፕሮሰሰሩ 8ኛው ትውልድ፤ ራሙ 16 ጊጋባይት፤ ካርዱም «ጂቲኤክስ 1650» ሲሆን የሚበላው 75 ዋት ነው። ልጄ ለሚወዳቸው ለእነዚያ ሁለት ጨዋታዎች ይበቃዋል፤ የመብራት ወጪውም ቀላል ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አሠራነው፤ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ አላለፈም። ዋጋው 48,000 ብር ነበር። መብራት ድንገት ሲጠፋና ሲመለስ ዕቃው እንዳይጐዳ 9,000 ብር ለዩፒኤስ ጨመርን።

ገንዘቡን ከመቍጠሬ በፊት የየክፍሉ መለያ ቍጥር የተጻፈበት ደረሰኝና የ15 ቀን መሞከሪያ ጊዜ ጠየቅሁ፤ ሻጩም ፈቀደ። ይህ የጸሐፊ ነዝናዛነት አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 813 ያገለገለን ዕቃ ያገለገለ መሆኑን በትክክል አለመግለጽን ከልክሎአል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢው ዕቃውን በጊዜው መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ወረቀት ያልያዘ ገዢ ግን እውነት ቢኖረውም ማስረጃ የለውም፤ ይህንንም በሥራዬ በየቀኑ አያለሁ።

ዕቃውን ከማስጫናችን በፊት ግን ከዕቁቡ ገንዘብ 30,000 ብሩ ለሮቶው ወጣ፤ ሮቶውም ከነመቆሚያው ተተከለ። ልጁ እናቱ ሌሊት መነሣቷን እንድትተው አስቀድሞ ፈቀደ፤ ሁለት ሳምንት መጠበቁም እርሱን አልጐዳውም። በቀረው 60,000 ብር ኮምፒዩተሩና ዩፒኤሱ ተገዝተው 3,000 ብር ተረፈ። ላፕቶፕ ያልገዛሁበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ላፕቶፕ ተሸክመውት ወደ መኝታ ቤት ይገባል፤ ይህ ግን በሳሎን ከተቀመጠበት አይነቃነቅም፤ ቢበላሽም የተበላሸው ክፍል ብቻ ይለወጣል።

ከዚያ በኋላ ውል ጻፍን። አንደኛ፤ ኮምፒዩተሩ ፊቱን ወደ ሳሎኑ አዙሮ ይቀመጣል። ሁለተኛ፤ በትምህርት ቀን ከጥናት በኋላ አንድ ሰዓት፤ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ይፈቀዳል፤ የፕሌይስቴሽን ቤት መሄድ ግን ይቀራል። ሦስተኛ፤ ክረምት ሲመጣ ጨዋታ እንዴት እንደሚሠራ መማር ይጀምራል፤ በአገራችን ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን ለስልክ ሠርቶ አሳይቶአልና መንገዱ ሩቅ አይደለም። አራተኛውን አንቀጽ ልጄ ራሱ ጨመረው፤ «አባትም እሑድ እሑድ አንድ ሰዓት አብሮ ይጫወታል» የሚል ነው። ባለቤቴ ምስክር ሆና ፈረመች።

አራተኛው አንቀጽ ከሁሉ ከብዶኛል፤ ጣቶቼ ለቁም ጽሕፈት እንጂ ለዚህ አልለመዱምና ሠራዊቴ ገና ሳይሰለፍ ይማረካል። ነገር ግን ልጄ ከአጠገቤ ሆኖ ሲያስተምረኝ፤ በፕሌይስቴሽን ቤት ሳለ ስለማን ይሰማ እንደ ነበር፤ ከማን ጋር እንደ ተጣላ፤ ምን መሆን እንደሚፈልግ ሳልጠይቀው ያጫውተኛል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ እንዲህ ያለውን ዕቃ ሲለምናችሁ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት በቤታችሁ ውስጥ የሚቀመጥበትን ቦታ ምረጡ፤ በዚያም ቦታ ለራሳችሁ አንድ ወንበር ጨምሩ።