የአጎቴ ባጃጅ

እኔ የ7ኛ ክፍል ተማሪና የተማሪ ትራፊክ ነኝ።

ከጎንደር ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት እንፍራንዝን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ያልፋል። እኛ ጠዋትና ማታ ዜብራው ጋ ቆመን ትንንሾቹን እናሻግራለን። ግራቸውን ይዘው እንዲሄዱም እንነግራቸዋለን፤ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን መኪና የሚሄደው በቀኝ ስለሆነ፣ ግራውን የያዘ እግረኛ የሚመጣበትን ፊት ለፊት ያያል። ፊሽካና «ቁም» የሚል ሰሌዳ አለን እንጂ መቅጣት አንችልም፤ የሚቀጣው ትራፊክ ፖሊስ ነው። እምቢ ብሎ ያለፈውን ታርጋ ግን ደብተር ላይ እንጽፋለን። «ደመወዝ የላችሁ፣ ምን አደከማችሁ?» የሚሉን አሉ። (እውነቱን ለመናገር እኔም የገባሁት ኮፍያውን ወድጄ ነው።)

አንድ የገበያ ቀን ሰሌዳውን አንስቼ ሳለ አንድ ባጃጅ ጥሶ አለፈ። የያዝኳትን የ1ኛ ክፍል ልጅ ወደ ኋላ ባልስባት ኖሮ ከፊቱ ነበረች። ደብተሯ ወድቆ ጎማው ሄደበት። ቀና ስል ነጂው አጎቴ ነው! እጁንም አውለበለበልኝ።

ጓደኛዬ «ታርጋውን አየኸው?» አለኝ።

«አላየሁትም» አልኩ። ውሸቴን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን ባጃጅ የማጥበው እኔ ነኝ፤ ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ።

ማታ አባቴ ሮንድ ሊወጣ ዱላውንና ባትሪውን ሲያነሳ ጠየቅሁት። የሰፈራችን ሰዎች በተራ ሌሊቱን ይጠብቃሉ፣ እነሱንም የሚከፍላቸው የለም። «አባዬ፣ የምታውቀው ሰው ሲያጠፋ ብታገኘውስ?»

«ፖሊስ ከሌላ አገር ተመድቦ ይመጣል፤ ሰዉን አያውቀውም። እኛን ቁሙ ያሉን ስለምናውቀው አይደል?» አለኝና ወጣ።

እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ለልጅቷ አዲስ ደብተር ሰጥቼ የተረገጠውን ተቀበልኳትና አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። «አንቱ ትራፊክ!» ብሎ አሾፈብኝ። ደብተሩን ሰጠሁት። ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየው፤ ሀ ሁ የጻፈችበት ላይ የጎማው ጥርስ ታትሟል።

«ልትጽፈኝ ነው?» አለኝ።

«ጠዋት ጽፌሃለሁ» አልኩት።

ሁለት ሳምንት አላናገረኝም። እናቴም «የገዛ ወንድሜን!» ብላ ተቆጥታኛለች። ባለፈው ሰኞ ግን ዜብራው ጋ ሲደርስ ቆመ። ልጆቹ ተሻግረው እስኪያልቁ ወደኔ ዞር አላለም። ቆመ ግን።