አዲስ አበባን በታክሲ፣ አዲስ አበባን በፊልም

ጎንደር አጠገብ ባለችው ጠዳ ሆኜ አዲስ አበባን የማውቃት በፊልም ብቻ ነበር። ማታ ማታ አንድ ላፕቶፕ ከበን ስናያት ሁሉ ነገሯ ፎቅና መብራት ይመስለኝ ነበር። የዓባይን በረሃ ወርጄና ወጥቼ፣ ሱሉልታን አልፌ፣ የእንጦጦን ትከሻ ተሻግሬ ቁልቁል ሳያት ግን አፌን ይዤ ቀረሁ። እንዴት ትሰፋለች!

ከሁሉ ያስደነቀኝ ታክሲው ነው። ጠዳ ላይ ሹፌሩና ተሳፋሪው ይተዋወቃሉ፤ ሰላምታው ሳያልቅ ጎረቤታችን አዘዞ ይደረሳል። እዚህ ረዳቱ በበሩ ግማሽ ገላውን አውጥቶ «ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው!» ይላል። ገባሁ። «ጠጋ በል ወንድሜ» አሉኝ፤ ተጠጋሁ። ከኋላ ወንበር የተነሳ ብር ከማላውቀው እጅ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ፊት በቅብብል አልፎ ረዳቱ ዘንድ ደረሰ። መልሱም በዚያው መንገድ ተመልሶ ባለቤቱ ጋ ገባ። አንድም ሰው ዞር ብሎ አላጣራም! «ኪስህን ጠብቅ» ተብዬ ለመጣሁት ለእኔ ይህ ተአምር ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ ከወዴት ነህ?» አሉኝ። «ከጎንደር ነኝ፣ እማማ» ስላቸው የምወርድበትን ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፤ «ወራጅ አለ!» ያሉልኝም እሳቸው ናቸው።

ያን ጊዜ የሄርሞን ኃይላይ «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ይህ ፊልም የወጣቱ ታክሲ ነጂ የቴዲ ታሪክ ነው፤ በሴተኛ አዳሪነት የምትኖረውን ፈሬን ከጠብ ለማዳን ሲገባ እንጀራው የሆነችው ታክሲ ትሰረቅበታለች። ጠዳ ላይ ሳየው የፍቅር ፊልም ነበር። አሁን ግን የከተማው ፊልም ሆነብኝ፦ የማይተዋወቁ ሰዎች በጠባብ ቦታ አብረው ሲቸገሩና ሲረዳዱ!

ሌሎቹም ፊልሞች በየመንገዱ ይመጡብኝ ጀመር። ሕንፃዎቹን አንጋጥጬ ሳይ የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪን «ድፍረት» አሰብኩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ይህ ፊልም፣ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችው የ14 ዓመቷ ሂሩት ከገጠር አዲስ አበባ ስትመጣ ያሳያል፤ እኔም በእሷ ዓይን ነበር የማየው። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ደግሞ «ጤዛ» ላይ ሌላዋን አዲስ አበባ አሳይቶናል፦ በደርግ ዘመን ምሁር ምሁርን የሚጠራጠርባትን፣ ስብሰባው የሚያስፈራባትን። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል፣ በቀጣዩ ዓመትም በፌስፓኮ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ተሸልሟል። በዚያ ፍርሃት ያለፈች ከተማ ዛሬ ብሯን ለማታውቀው ሰው በእምነት ስታቀብል ማየት ልብ ያሞቃል።

ፒያሳ ስወርድ የምኒልክ ሐውልት በቦታው ነው፤ አጠገቡ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተንጣሏል። በላፕቶፕ የማውቃቸው አሮጌ ቤቶች ግን አብዛኞቹ በዚያው ዓመት ፈርሰዋል። አስፋልቱ ሰፍቷል፣ ዛፍ ተተክሏል፣ ምሽቱ በመብራት ደምቋል። ውበቱ ገረመኝ፤ የድሮውን ሰፈር ግን ከእንግዲህ የማገኘው በፊልም ውስጥ ነው። ለካ ፊልም የከተማ መዝገብም ኖሯል!

ከሦስቱ ፊልሞች የአዲስ አበባን ጠባይ ይበልጥ የያዘው የቱ ነው ብትሉኝ፣ ያለማመንታት «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» እላለሁ። እሱን አይታችሁ በሚኒባስ ታክሲ ተሳፈሩ፤ ከተማዋን ታገኟታላችሁ። እናንተ የጎንደር ወጣት ፊልም ሠሪዎች ደግሞ አደራ! የእኛም ከተማ ፒያሳ አላት፣ ታክሲ አላት፣ የሚለወጥ ሰፈር አላት። ሳይፈርስ ቅረጹት።