ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም



አረብ አገር ቤት እያጸዳች የምትኖር ታናሽ እህቴ ሰሞኑን የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «ጋሼ፣ አሠሪዎቼ የሲጋራ ሽታ የሚያጠፋ የኦዞን ማሽን ገዙ። ማሽኑ እንደጠፋ ግቢና አጽጂ ይሉኛል። ደረቴን ያፍነኛል፣ ያስለኛል። ምን ያህል ጊዜ ልጠብቅ?»

እዚህ ኡም ራኩባ ተቀምጬ እሷ ዘንድ መድረስ አልችልም። ያለኝ ኬሚስትሪ ብቻ ነው፤ እሱኑ ላክሁላት።

ኦዞን ሦስት የኦክስጅን አቶም ነው። ሳንባን ይቆጣል፤ አስም ላለበት ደግሞ ይብሳል። ደግነቱ ግድግዳ፣ ምንጣፍና መጋረጃ ሲነካ ይፈርሳል። ዕቃ ባለበት ተራ ክፍል በ10 ደቂቃ አካባቢ ግማሹ ይጠፋል። ለሠራተኛ የሚፈቀደው ጣሪያ ከሚሊዮን የአየር እጅ 0.1 ነው። ማሽኑ ክፍሉን 10 ካደረሰው፣ ከጣሪያው በታች ለመውረድ ሰባት ጊዜ መከፈል አለበት፤ 70 ደቂቃ ማለት ነው። ክፍሉ ባዶ ከሆነ ወይም ማሽኑ ለረጅም ሰዓት ከሠራ ይዘገያል። ስለዚህ ቢያንስ 2 ሰዓት ጠብቂ፣ መስኮቶቹንም ክፈቺ አልኳት። አፍንጫ ሽታውን ቶሎ ስለሚለምድ በአፍንጫሽ አትመኚ።

«ብናገር ያባርሩኛል» አለችኝ። እንግዲያው ስለ ሳንባሽ አትንገሪያቸው። ኦዞን ጎማ ይሰነጥቃል፣ የጨርቅ ቀለም ያለቃል፤ ይህን ንገሪያቸው። ለአንቺ ባያዝኑ ለዕቃቸው ያዝናሉ።

መልእክቱን ልኬ ዞር ስል የራሴን የከሰል ምድጃ አየሁት። ዝናብ ሲመጣ ሁላችንም ወደ ውስጥ አስገብተን ሸራውን እንዘጋለን። ወገኖቼ፣ ይሄኛው ይብሳል። ኦዞን እንኳ ይሸታል፣ በራሱም ጊዜ ይፈርሳል። የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታ የለውም፤ ግድግዳም አያፈርሰውም። በር ካልተከፈተ ይከማቻል። ደም ውስጥ ከገባ፣ ንጹሕ አየር እየተነፈሱ እንኳ ግማሹ እስኪወጣ 4 ወይም 5 ሰዓት ይፈጃል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምራችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። ከሰል እየነደደ ፈጽሞ አትተኙ።

እኔ ከዚያ ማታ ጀምሮ ምድጃውን ከደጅ አዋልኩት። ዝናቡ ሲበረታ ሳንበላ እንቆያለን እንጂ አላስገባውም።

አረብ አገር እህት ያላችሁ ይህን አድርሱላት።