ከመተማ እስከ ገዳሪፍ፣ ሰማይ ላይ

ለሰሊጥ አጨዳ ከመተማ ድንበር ተሻግሮ ወደ ሱዳኑ ገዳሪፍ የወረደ ሠራተኛ ሬዲዮውን በራኩባው (በሣር ዳሱ) ምሰሶ ላይ ይሰቅላል፤ አንቴናው አልበቃ ሲለው ሽቦ ይቀጥልበታል። ቀን ድምፁ ያልነበረ ጣቢያ ፀሐይ ስትጠልቅ ጥርት ብሎ ይገባል። ቀን ቀን ሞገድ የሚውጠው የታችኛው ንብርብር ማታ ስለሚሳሳ፣ ሞገዱ ከዚያ በላይ ካለው ፕላዝማ ነጥሮ ይመለሳል። ፕላዝማ የምንለው የፀሐይ ጨረር ኤሌክትሮኖቹን የነጠቀውን አየር ነው።

* * *

እነዚያ ኤሌክትሮኖች እንዳሻቸው አይሄዱም፤ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ያሽከረክራቸዋል። በዚህ ድንበር ሰማይ መስኩ 36 ማይክሮ ቴስላ ገደማ ስለሆነ አንዱ ኤሌክትሮን በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይዞራል። ይህ 1000 ኪሎ ኸርዝ ማለት ነው፤ የመካከለኛ ሞገድ እምብርት! የኢትዮጵያ ሬዲዮ 873፣ የሱዳኑ ኦምዱርማን ሬዲዮ 1296 ላይ ሲሰሙ የኖሩት በዚሁ ቁጥር ግራና ቀኝ ነው። የሞገዱ ምት ከኤሌክትሮኑ ዙረት ጋር ሲገጥም፣ ኤሌክትሮኑ በየዙሩ ከሞገዱ ጉልበት ይወስዳል፤ ከአየር ሞለኪውል ጋር ሲጋጭ ደግሞ የወሰደውን ይበትነዋል። ሞገዱ የሚደክመው እንዲህ ነው። አጭር ሞገድ ከዚህ ቁጥር ስለሚርቅ የተሻለ አቅም ይዞ ይመለሳል።

* * *

ቺፕ የሚያመርቱ አንዳንድ ፋብሪካዎች ይህንኑ የኤሌክትሮን ዙረት ሆን ብለው ይጠቀሙበታል። ጋዙን በ13.56 ሜጋ ኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ፕላዝማ ያደርጉታል። ማግኔት ከሌለ ኤሌክትሮኖቹ ግድግዳ እየመቱ ይባክናሉ፤ ማግኔት ሲኖር እየተጠማዘዙ ስለሚቆዩ በስስ ጋዝ ውስጥም ብዙ አቶሞችን ኤሌክትሮን ያስጥላሉ። ዙረቱን ከሞገዱ ጋር ለማጣጣም የሚያስፈልገው መስክ ከገዳሪፍ ሰማይ 13 እጥፍ ገደማ ብቻ መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

* * *

ወደ ሰማያችን ስንመለስ፣ መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያልፋል። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (1957–58 እ.ኤ.አ.) አካባቢ እዚያ የምልከታ ጣቢያ አቋቋሙ። ዛሬ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዋሸራ የተሰኘው ላቦራቶሪ ይህንኑ ሰማይ ያጠናል። በዚህ ወገብ አካባቢ መስኩ አግድም የተኛ በመሆኑ፣ ፀሐይ እንደጠለቀች ፕላዝማው ወደ ላይ ይነሣና አንዳንድ ምሽት በውስጡ ክፍተቶች ይፈጠራሉ። ያኔ የሬዲዮው ድምፅ ይርገበገባል፣ ጂፒኤስም ይስታል።

* * *

ከሰማዩ ወደ ጣቢያዎቹ ስንመጣ፣ ቢቢሲ የአረብኛ ሬዲዮውን በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ዘጋ። ሚያዝያ ላይ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ፣ በግንቦት ለሱዳን አስቸኳይ ፕሮግራም ጀመረ፤ በአጭር ሞገድ። በየካቲት 2024 የሱዳን የስልክ መስመር ሲቋረጥም፣ ሰማዩን ያቋረጠው አልነበረም።

አጭር ሞገድ ጊዜው አልፏል የምትሉ ኃላፊዎች፣ ማሠራጫዎቹን ከመንቀላችሁ በፊት ስለ ድንበሩ ሰው አስቡ። ተመራማሪዎቻችንም መለኪያችሁን እስከ መተማ አድርሱልን።